ክረምቱን ቆማ የከረመች ቮልስ ለምን አልነሳ አለች?

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልተለየቻቸው ቮልስዋገን 1300 አለቻቸው። በአንድ ክረምት ውጭ አገር ወደሚኖሩት ልጆቻቸው ሄደው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ቆዩ። ሲመለሱ፣ በግቢያቸው ሸራ ለብሳ የከረመችው መኪና አልነሳ አለች። የጠሩት መካኒክ መጥቶ ሦስት ነገሮችን መረመረ። ባትሪው 12.4 ቮልት አሳየ። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ብልጭታ ሰጠ። ከራሱ መኪና ባትሪ በገመድ ኮረንቲ ስቦ ሞተሩን እያዞረ የለካው የሲሊንደሮቹ የእመቃ ግፊት ግን 6 ባር ገደማ ብቻ ሆነ። ፍርዱም «ባትሪው ደኅና ነው፣ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል፤ ያለቀው ሞተሪኖውና ሞተሩ ነው» የሚል ነበር።

ሞተር ለማሳደስ የተጠየቁት ገንዘብ የብዙ ወራት ጡረታቸውን የሚጠይቅ ስለነበረ፣ መኪናዋን ለመለዋወጫ ከሚፈልጋት ገዢ ጋር ቀጠሮ ያዙ። እኔ የተጠራሁት ለሽያጩ ምስክር እንድሆን እንጂ ለምርመራ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት መካኒኩን ለመንቀፍ አይደለም። ያየው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ቴስተሩም አልዋሸም፣ የእመቃ መለኪያውም አልተበላሸም። ስሕተቱ የገባው ከቁጥሩ ወደ ፍርዱ በተደረገው ጉዞ ላይ ነው። ባትሪው የተለካው ሥራ ሳይሠራ ነው፤ ካንዴላው የታየው ከሚሠራበት ቦታ ውጭ ነው፤ የእመቃው ግፊት የተመዘነው ደግሞ ለሌላ አገር አየር በተጻፈ ቁጥር ነው። ሦስቱን በየተራ እንመልከታቸው።

አስቀድሞ ግን አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ቆመው ስለሚከርሙ አሮጌ መኪኖች ከተጻፈው አብዛኛው የመጣው ክረምት ማለት በረዶ ከሆነባቸው አገሮች ነው። በጀርመን አገር፣ ለምሳሌ፣ በረዶውን ለማቅለጥ በየመንገዱ የሚነሰነሰው ጨው ብረት ስለሚበላ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ቅዝቃዜው ሲገባ መኪናቸውን ጋራዥ ያስገባሉ፤ እስከ ጸደይም አያወጧትም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል የሰሌዳ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የእነርሱ አንዱ ሥጋት የባትሪው መርጋት ነው፤ በሚገባ የተሞላ ባትሪ አሲዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም፤ የተራገፈው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ረግቶ ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። የአዲስ አበባ ክረምት ይህ ችግር የለበትም። የእኛ ጠላት እርጥበት ነው፤ እርሱም የሚሠራው በዝግታና በማይታዩ ቦታዎች ነው።

6 ባር ስንት ነው?

ከሁሉ የከበደው ፍርድ በሞተሩ ላይ የተላለፈው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የእመቃ መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ ይገባና ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚደርስበትን ከፍተኛ ግፊት ያሳያል። ፋሻዎቹ ተበልተው ወይም ቫልቮቹ ተቃጥለው ከሆነ አየሩ ያመልጣል፤ ንባቡም ይወርዳል። ለዚህ ዓይነቱ ሞተር እንደ ጤናማ የሚቆጠረው ንባብ ከ7 እስከ 9 ባር ገደማ ነው። መካኒኩ በወረቀት ጽፎ የተወላቸው ግን 6.1፣ 6.0፣ 5.8 እና 6.0 ባር የሚል ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይህን ደግሞ ምን አመጣው? ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ ነዋ፤ እንደ ሰፈሩ ይለያያል» አሉኝ።

«የአየሩ ግፊትስ?»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ» አሉ። ከዚያም ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እንደገና አዩት። «ይህንንማ እኔው ራሴ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 0.76 ባር ገደማ ነው። ጤናማ ሞተር የሳበውን አየር ግፊት በአንድ የተወሰነ ብዜት ያሳድገዋል፤ ይህ ብዜት የሚወሰነው በሞተሩ ቅርጽና ጤና እንጂ በከተማው ከፍታ አይደለም። መለኪያው ደግሞ የሚያነብበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ፦

የመለኪያው ንባብ = የውጭው አየር ግፊት × (ብዜቱ − 1)

ብዜቱ 9 የሆነ ሞተር በባሕር ዳርቻ 1.01 × 8፣ ማለትም 8.1 ባር ያነብባል። ያው ሞተር፣ አንድም ብሎን ሳይነካ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ 0.76 × 8፣ ማለትም 6.1 ባር ያነብባል። የመጽሐፉን 7 እና 9 በ0.76 ብናባዛቸው ለእኛ ከተማ ጤናማው ክልል ከ5.3 እስከ 6.8 ይሆናል። «ሞቷል» የተባለው ሞተር ከክልሉ መካከል ላይ ተቀምጧል።

ከቁጥሩ መጠን ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ሌላ ነገርም በወረቀቱ ላይ ነበር፤ እርሱም የአራቱ ንባቦች መቀራረብ ነው። የተበላ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ሲሊንደሮቹ እኩል አይበሉም፤ አንዱ ቫልቭ ቀድሞ ይቃጠላል፣ አንዱ ፋሻ ቀድሞ ይሰበራል። አንዱ ሲሊንደር 6፣ ሌላው 3.5 ቢያነብብ ኖሮ እኔም በገንዘቡ ማነስ እከራከር እንደሆን እንጂ በፍርዱ አልከራከርም ነበር። አራቱም እኩል «የታመሙ» ሲሆኑ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የጋራ የሆነው ነገር ነው፤ ለአራቱም የጋራ የሆነው ደግሞ የሚስቡት አየር ነው።

ጋሼም ለገዢው ደውለው ቀጠሮውን ወደ ማግስቱ አዛወሩት። አንድ ቀን አገኘን ማለት ነው።

ሥራ ያልያዘ ባትሪ

የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል በሚገባ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ድምሩም 12.6 ወይም 12.7 ይሆናል። ስለዚህ 12.4 ሲነበብ ባትሪው ጥቂት ብቻ የጎደለበት ይመስላል። ነገር ግን ቴስተር የሚስበው ኮረንት እጅግ ትንሽ ነው። ሞተሪኖው የሚጠይቀው ከ100 አምፔር በላይ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረውን እናስታውስ፤ ባትሪ ራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው፣ ኮረንት ሲፈስም የቮልቴጁ ከፊል እዚያው ውስጥ ይቀራል። ኮረንት ከሌለ የሚቀር ቮልቴጅ የለም፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ አንድ መቶኛ ኦም ይሁን አንድ ኦም ቴስተሩ ልዩነቱን አያውቀውም። በእግሩ ያልቆመ በሽተኛን ተኝቶ ሳለ ሙቀቱን ለክቶ «ይራመዳል» ማለት እንደማይቻል ሁሉ ሥራ ያልያዘ ባትሪ ቮልቴጁ ስለ አቅሙ አይናገርም።

ባትሪ ቆሞ ሲከርም ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ምንም ሳይገናኝበት እንኳ ቀስ በቀስ ራሱን ያራግፋል። ሁለተኛ፣ ሲራገፍ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት መጀመሪያ ደቃቅ ሆኖ በቀላሉ የሚመለስ ሲሆን፣ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ወደ ትልልቅና ጠጣር ክሪስታሎች ያድጋል። ክሪስታሎቹ ኮረንት በደንብ ስለማያሳልፉ ለሥራ የቀረው የሰሌዳ ገጽታ ይጠብባል፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱም ያድጋል።

ቴስተር የሌለው ሰው የመኪናውን የፊት መብራት እንደ ቴስተር ሊጠቀምበት ይችላል። መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ምንም ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ ኮረንቱ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ደግሞ ባትሪው ኮረንት ተጠይቆ መስጠት አልቻለም፤ ወይም ከስንት አንዴ ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ተይዞ ከልክ ያለፈ ኮረንት ይጠይቃል። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጅ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወርድ ዐይናችን ምልክቱን አይስተውም፤ ቮልቴጁ ከ12.4 ወደ 7.6 ሲወርድ የአምፖሉ ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል።

ይህን ምሳሌ የሰጠሁት በዘፈቀደ አይደለም። በቮልስ መኪና ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ እኔ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ይዤ አነበብኩ፤ 12.4 የነበረው ወደ 7.6 ወረደ። 4.8 ቮልት ባትሪው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያም አንዱን ጫፍ በባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን ራሱን በያዘው የገመድ ማሰሪያ ላይ አደረግሁ። ሁለቱ የተነካኩ ብረቶች ስለሆኑ በመካከላቸው ቮልቴጅ መኖር የለበትም፤ ቢበዛ ከ0.1 ወይም 0.2 መብለጥ የለበትም። ቁልፉ ሲዞር ግን 0.9 ቮልት ታየ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የሸፈነው መጋጠሚያ ነበር። በመጨረሻም ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ የመሬት ገመድ ከታች ገብቼ ለካሁት፤ 1.1 ቮልት ሆነ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በላስቲክ ላይ ስለተቀመጡ ኮረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ ገመድ ነው፤ ከታች የተሰወረ በመሆኑም ማንም አያስታውሰውም።

እንደምር፤ 4.8፣ 0.9 እና 1.1 በድምሩ 6.8 ይሆናል። ከ12.4 ላይ ሲቀነስ ለሞተሪኖው የደረሰው 5.6 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሪኖው አልደከመም ነበር፤ ተርቦ ነበር። ለዚህ ማስረጃው ደግሞ ቀድሞውኑ በመካኒኩ እጅ ነበረ። እመቃውን ሲለካ ከራሱ መኪና ባትሪ የሳበውን የኔጌቲቭ ገመድ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነክሶት ነበርና፣ ያን ጊዜ ሞተሩ በፍጥነት እንደዞረ ጋሼ ነግረውኛል። ያለቀ ሞተሪኖ በሌላ ሰው ባትሪ ወጣት አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የቮልስ መኪኖች በ12 ሳይሆን በ6 ቮልት ነበር የሚሠሩት። ያንኑ ኃይል በግማሽ ቮልቴጅ ለማግኘት ኮረንቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ በአንድ መጋጠሚያ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ ከኮረንቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይሆናል። አሮጌ የ6 ቮልት መኪና ያላችሁ ወይም የጎረቤት ያያችሁ፣ «ጠዋት ጠዋት ትለግማለች» ሲባል የሰማችሁ እንደሆነ ከማንኛውም ነገር በፊት መጋጠሚያዎቹን አስጸዱ።

መጋጠሚያዎቹን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበን፣ በብረት ብሩሽ ፍቀን አሰርናቸው። ባትሪውን አውጥተን በ4 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ስናስሞላው አደርን። በዚህ ሥራ ላይ ቀልድ የለም፤ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ጀምሮ ይቀጣጠላል። ክፍት ቦታ መሆን አለበት፤ የቻርጀሩም ገመድ ከባትሪው የሚነቀለው መጀመሪያ ቻርጀሩ ከግድግዳው ኮረንቲ ከተለየ በኋላ ነው። ባትሪው ወደ ቦታው ሲመለስ የፕላስቲክ ክዳኑ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ያለ ክዳን ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ራሶች ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ራሶች ላይ 10.2 ቮልት ቆመ፤ ሞተሩም በፍጥነት ዞረ። ግን አልነሳም።

በአየር ላይ የታየ ብልጭታ

በፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ሞተር ወይ ቤንዚን አላገኘም፣ ወይ እሳት አላገኘም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካንዴላ መፍታት ይበቃል። ሞተሩ ብዙ ከዞረ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ደርሶታል ግን አልተቃጠለም። የእኛ ካንዴላ ርጥብ ነበር። ስለዚህ ተጠርጣሪው፣ መካኒኩ በዐይኑ ያየው፣ እኔም በዐይኔ ያየሁት ያ ሰማያዊ ብልጭታ ሆነ።

ብልጭታ አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚፈልገው ቮልቴጅ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በክፍተቱ ስፋትና በአየሩ እፍጋት። ይህን ግንኙነት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪኽ ፓሽን እ.ኤ.አ. በ1889 አውጥቶታል። በባሕር ጠለል ላይ ለአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት በግምት 3,000 ቮልት ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ሳሳ ባለው አየር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሲሊንደሩ ውጭ 2,000 ቮልት ገደማ ያገኘ ካንዴላ ብልጭ ይላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ብልጭታው የሚፈለገው ፒስተኑ አምቆ በጨረሰበት ቅጽበት አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ በካንዴላው ጫፍ ዙሪያ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር አምስት ስድስት እጥፍ ታምቋል። የሚፈለገውም ቮልቴጅ በዚያው ልክ አድጎ ወደ 10,000 ይጠጋል ወይም ያልፋል። በ3,000 ቮልት ከሲሊንደር ውጭ የሚደምቅ ካንዴላ ውስጥ ሲገባ ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው ፈተና እንግዲህ ክፍተቱን ማስፋት ነው። ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ጫፍ በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቆ ማዞር ይቻላል፤ ያንን ርቀት በሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለው ቦቢናው ከ10,000 ቮልት ያላነሰ እየሰጠ ነው። ይህ ሲደረግ ካንዴላዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ታስረው መሆን አለባቸው። ከክፍት የካንዴላ ቀዳዳ የቤንዚን ጉም እየወጣ በአጠገቡ ብልጭታ መሥራት ራስን ማቃጠል ነው።

የእኛ ብልጭታ 2 ሚሊ ሜትር ዘለለ፤ በ3 ላይ ጠፋ።

ምክንያቱን ለማወቅ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈትን። በውስጡ ፑንቲና የሚባለው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሲዘጋ በቦቢናው ቀዳሚ ጥቅል ውስጥ ኮረንት ይፈስሳል፣ ሲከፈት ኮረንቱ በድንገት ይቋረጥና ማግኔታዊ መስኩ ሲፈርስ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወለዳል። ሁለቱ የፑንቲና ገጾች በተንግስተን የተሠሩ ናቸው። መኪና በየቀኑ ስትነዳ ፑንቲናው በመከፈትና በመዘጋት ራሱን ያጸዳል። ሦስት ወር በእርጥበት ውስጥ ከቆመ ግን በገጾቹ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል። የእኛዎቹ ገጾች ግራጫ ሆነዋል፤ ያ ለዐይን የማያስፈራ ግራጫ ቀለም ነው ሁሉንም የሠራው።

ፑንቲናው ተዘግቶ፣ ሞተሪኖው ሳይዞር፣ በሁለቱ ገጾች መካከል ለካሁ። ዜሮ ሊጠጋ ሲገባው 3 ቮልት ሆነ። የቦቢናው ጥቅል ሬዚስታንስ 3 ኦም ነው፤ ስለዚህ በ12 ቮልት 4 አምፔር መፍሰስ ነበረበት። ሽፋኑ 1 ኦም ጨምሮ ኮረንቱን ወደ 3 አምፔር አወረደው። በቦቢና ውስጥ የሚከማቸው ኃይል ከኮረንቱ ካሬ ጋር የሚሄድ ስለሆነ ከሙሉው 9/16 ብቻ ይቀራል፤ ከግማሽ ጥቂት የበለጠ ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ እዚህ ላይ አያበቃም። ቦቢናውም ሞተሪኖውም የሚጠጡት ከአንድ ባትሪ ነው። መጀመሪያ በነበረው ሁኔታ፣ ቁልፉ ሲዞር ባትሪው ወደ 7.6 ይወርድ ስለነበረ በቦቢናው የሚፈስሰው 7.6 ለ4 ሲካፈል 1.9 አምፔር ነበር፤ ኃይሉም ከሙሉው ሩብ እንኳ አይሞላም። ባትሪው ከተሞላና መጋጠሚያዎቹ ከጸዱ በኋላ 10.2 ለ4፣ ማለትም 2.55 አምፔር ሆነ፤ ኃይሉ ወደ 41 በመቶ አደገ፣ አሁንም አልበቃም። ፑንቲናው ሲጸዳ 10.2 ለ3፣ ማለትም 3.4 አምፔር ይሆናል፤ ኃይሉም 72 በመቶ ይደርሳል። አንዱን ብልሽት ብቻ አስተካክሎ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ወደኋላ መመለስ እንዴት እንደሚያሳስት ልብ በሉ። ለውጥ ነበረ፤ ነገር ግን ደፉን ገና አልተሻገረም ነበር።

ፑንቲናውን በደቃቅ ሞረድ በቀስታ ዳስሰን፣ ትርፉን ንጹሕ ወፍራም ወረቀት በመካከሉ እየሳብን አወጣነው። የብረት ወረቀት፣ ማለትም አሸዋማው ብርጭቆ ወረቀት፣ እዚህ ቦታ አይገባም፤ ፍርፋሪው በገጹ ላይ ተሰክቶ ይቀርና እንደ ኦክሳይዱ ኮረንት ይከለክላል። ክፍተቱን ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር መለስነው። የክዳኑን ውስጥም በደረቅ ጨርቅ ወለወልነው፤ በክዳኑ ላይ የሚቀመጥ የእርጥበት ስስ ሽፋን ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ብረቱ እንዲፈስስ መንገድ ይሆናልና። እንደገና ስንፈትነው ብልጭታው 6 ሚሊ ሜትሩን እየተንጣጣ ዘለለ።

ካንዴላዎቹን አድርቀን አሰርናቸው። ጋሼ ነዳጅ መስጫውን አንዴ እስከ ወለሉ ረግጠው ለቀቁና ቁልፉን አዞሩ። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ጥቂት ተንደቀደቀ፣ ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ከዚያም ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድምፁ ሞላ። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ወጥተው እልል አሉ።

ካንዴላው ደረቅ ቢሆን ኖሮስ?

ለእኛ ቤንዚኑ ችግር አልነበረም፤ ለብዙዎች ግን ነው። ቤንዚን አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀዝቃዛ ሞተርን የሚያስነሱት በቀላሉ የሚተኑት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቆሞ የከረመ ቤንዚን አስቀድሞ የሚያጣውም እነርሱን ነው። በካርቡራተሩ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ፈጽማ ትተንና የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ትታ ትሄዳለች። ጎድጓዳው ባዶ ከሆነ ፓምፑ እስኪሞላው ሞተሩን ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል፤ በየመሀሉ ሞተሪኖው እንዲበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ግን ግድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ምክንያት «ታንኩ አልቦ ውሃ ገባበት» የሚል ነው። እስቲ እናስላው። የቮልስ ታንክ 40 ሊትር ይይዛል፤ 30 ሊትሩ አየር ነው እንበል። በቀንና በሌሊት መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ታንኩ በየቀኑ የሚተነፍሰው 1 ሊትር ገደማ አየር ነው። በክረምት አየር ውስጥ በአንድ ሊትር አንድ መቶኛ ግራም ያህል የውሃ ትነት አለ። ያ ሁሉ ወደ ውሃ ቢለወጥ እንኳ በ80 ቀን አንድ ግራም አይሞላም፤ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ አይሆንም። ስለዚህ በታንኩ ውስጥ ብዙ ውሃ ካገኛችሁ ላቡን ትታችሁ የፊት ኮፈኑን ጎማና የታንኩን ክዳን ፈልጉ፤ ዝናብ ገብቷል፣ ወይም ቤንዚኑ ሲገዛ ጀምሮ ንጹሕ አልነበረም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ጥቂት ቤንዚን ከቱቦው በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ማየት በቂ ነው።

በየጋራዡ የማየውና ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ልማድ በካርቡራተሩ አፍ በጠርሙስ ቤንዚን እያፈሰሱ ሞተሩን ማዞር ነው። ሞተሩ ወደኋላ ቢተኩስ ነበልባሉ የሚወጣው ጠርሙሱ ወዳለበት ነው። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ በአብዛኛው ማግኒዚየም ነው፤ ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ የሚረጩበት ውሃ ራሱ ሃይድሮጅን እየሰጠ ያባብሰዋል። ያረጀውን የቤንዚን ላስቲክ ቱቦ መለወጥ የሚገባው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። የእኛን ስናጥፈው ሲሰነጣጠቅ ስላየን በዚያው ዕለት ለወጥነው።

ከግቢ ከመውጣት በፊት

ሞተሩ ተነሳ ማለት መኪናዋ ለመንገድ ተዘጋጀች ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የማቀዝቀዣውን አየር ማራገቢያ አፍ አየን፤ ቮልስ በውሃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች አይጥ በዚያ ጎጆ ሠርታ ከሆነ ሞተሩ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይነድዳል። ጥቂት ደረቅ ቅጠልና የበቆሎ ፈረፈር አወጣን፤ ባለቤቷ ግን አልነበረችም።

ከዚያም ፍሬኑ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከታምቡሮቹ ውስጥም ዝገት ይነሳል። ጋሼ በሰኔ ሲሄዱ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ብለው የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ስበውት ነበር። ሦስት ወር የተሳበው ፍሬን አሁን ሲለቀቅ የግራው የኋላ ጎማ አልለቅም አለ፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ታምቡሩን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ስናደርገው ተላቀቀ። በግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት እየነዱ አምስት ስድስት ጊዜ ፍሬን ያዙ፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትጎትት የነበረች መኪና ቀስ በቀስ ቀጥ ብላ መቆም ጀመረች። በሚቀጥለው ክረምት የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ማርሽ ይገባል፤ ከጎማዎቹም ሥር ታኮ ይደረጋል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድም ይነቀላል፤ ባትሪውን በወር አንድ ቀን ለማስሞላት ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።